ውሸታሙ ጌጅ

«ዶቅማ!»

የምስጢር ስሙ ሲጠራ አበባው ከመኪናው ስር አልወጣም። ከጎማው አጠገብ የቆሙትን ጫማዎች አየ። አቧራ አልነካቸውም። ሰውዬው ሰሊጥ ገዢ ነኝ ብሎ መተማ ዮሐንስ ይመላለሳል። የእሱም የምስጢር ስም ዋርካ ነው። አበባው በእውነት ማን እንደሆነ የሚያውቀው ይኼ ሰው ብቻ ነበር።

«ታንኩስ?»

«ለሁለት ከፍዬ በይጀዋለሁ። ባንዱ በኩል ሽጉጥ፣ በሌላው ናፍጣ።»

«የነዳጅ ጌጁ?»

«ያረጀውን አውጥቼ የትራክተር ገጠምኩለት። ባዶም ሆኖ ግማሽ ነኝ ይላል።»

«ከገንዳ ውሃ ኬላ አልፎ ጫካው ጋ ናፍጣ ጨርሶ ይቁም። ልጆቻችን እዚያ ይጠብቁታል።»

«ሐጂ ኸሊልን አትነኩም ብለኸኛል።»

«አልኩህ እኮ! ኧረ አታድርቀኝ!»

ጫማዎቹ ሄዱ።

አበባው ደክሞታል። ሦስት ዓመት ሙሉ በሐጂ ኸሊል ጋራዥ መለዋወጫ የሌለውን አሮጌ ትራክተር በቁራጭ ብረት ሲያድስ ከረመ። ደህንነት የላከው ገብረማርያም የሚባለውን፣ መሣሪያ የሚያሻግር ባለእርሻ ለማስያዝ ነው። ሐጂ ግን ከማዕዳቸው አቀረቡት፣ ሲታመም አስታመሙት። ያንን ቤት መውደድ አልነበረበትም። ወደደው፤ ምን ያድርግ!

ብዙም ሳይቆይ የመኪናው ባለቤት ገብረማርያም ከሾፌሩ ጋር መጣ። መኪና ስር የተኛ ሠራተኛ ለእሱ እንደ መኪና ማንሻ ክሪክ ነው፤ ጆሮ ያለው አይመስለውም።

«ጫካው ጋ ቀጥ ሲልብህ እንዳትደነግጥ» አለው ሾፌሩን። «የሚቀበሉህ የኛ ሰዎች ናቸው። ከሰውዬው ጋር ጨርሰናል። ጣጣ ከመጣም ታንኩ የተበየደው ኸሊል ጋራዥ ነው። ሽማግሌው ይወጣዋል።»

አበባውን መፍቻው እጁ ላይ ከበደው።

ስለ ጫካው የሚያውቁት እሱና ዋርካ ብቻ ነበሩ።

ዋርካ ሸጦታል።

ሁለቱ ምሳ ሊበሉ እንደወጡ የታንኩን መውረጃ ፈታ። ናፍጣው ባልዲ ውስጥ ተንዠቀዠቀ። የዚህን አሮጌ መኪና አመል ያውቀዋል፤ ገንዳ ውሃ ኬላ የሚያደርሰውን ያህል ብቻ አስቀረለት። መኪናው ሲነሳ በሚኒባስ ተከተለው።

ኬላው ታየ።

መኪናው አልቆመም።

ከዚያ ሳል ጀመረው። ሁለቴ ተንገጫገጨና ፖሊሶቹ ፊት ጸጥ አለ።

«ጌጁ ግማሽ ነው የሚለው!» እያለ ሾፌሩ ወረደ። አንዱ ፖሊስ ታንኩን በዱላው መታው። ድምፁ አልጣመውም። ደግሞ መታው።

ታንኩ ሲቆረጥ ሽጉጦቹ መሬት ላይ ተዘረገፉ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ኸሊል ጋራዥ ነው የተሠራው!» ጮኸ ሾፌሩ።

አመሻሽ ላይ ሐጂ ኸሊል ታሰሩ። አበባው ዋርካ ጋ ደወለ። ስልኩ ተዘግቷል። ሰውዬው ድንበሩን ተሻግሮ ነበር። አሁን ሰላይ ነኝ ቢል ማን ይመሰክርለታል?

በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

«ታንኩን የበየድኩት እኔ ነኝ። የከፈለኝ ገብረማርያም ነው። ሐጂ የሚያውቁት ነገር የለም።»

ገብረማርያም እርሻው ላይ ተያዘ። ሐጂ ተፈቱ። ሲወጡ አበባው ፊት ቆሙ።

«ከልጆቼ ለይቼህ አላውቅም ነበር» አሉ። «በእኔና ባንተ መሃል አላህ ይፍረድ።»



በማግስቱ የሐጂ ባለቤት ዘሀቢያ ምሳ ቋጥረው መጡ።

«ሐጂ መምጣቴን አያውቁም። ብላ። ጎንደር ሊወስዱህ ነው አሉ።»

«እማማ፣ ምነው ባይደክሙ...»

«ዝም በል! እናትህ ስታስብ ታልቃለች። ገለጉ ለሚሄድ ሰው መልእክት እሰጥላታለሁ። ስሟን ንገረኝ።»

ገለጉ ዘመድ የለውም። የዚያ ተወላጅ ነኝ ብሎ የዋሻቸው እሱ ነው። እናቱ ያለችው መርሳ ከተማ ነው፤ ልጇ ይሙት ይኑር አታውቅም። ስሟ አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ግን አበባው የሚባል ሰው እንደሌለ ከታወቀ ለፖሊስ የሰጠው ቃልም ውሸት ይባላል፤ ሐጂም ተመልሰው ይታሰራሉ።

«አየሁሽ ትባላለች» ሲል ፈጠረላቸው።

«አየሁሽ... የገለጉዋ አየሁሽ...» እንዳይረሱት እየደጋገሙ ወጡ።