ማንም ያልነካቸው አርባ ሳንቲሞች

ሳንቲሞቹ ከመሸጣቸው በፊት አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ጠያቂዋ ትብለጥ ናት። ሳንቲሙን በመቆንጠጫ አንስታ በዳና አንባቢው ሳህን ላይ ታስቀምጠዋለች። ዳና አንባቢው ጣት በብረት ላይ የሚተወውን ላብ፣ ሙቀትና ግፊት መርምሮ ያንን ብረት ማን፣ መቼና እንዴት እንደያዘው የሚናገር መሣሪያ ነው። ከተናገረ በኋላ እሷ የምስክር ወረቀቱን ትፈርማለች። ከዚያ ቀጣዩን ታነሳለች።

በአዳማ ላይኛው ከተማ፣ ዘጠናኛ ፎቅ ላይ ባለው የጨረታ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርታለች። ትከሻዋ የሚያማት ከሰኞ ጀምሮ ነው፤ ዛሬ ዓርብ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሳንቲሞች ጠይቃለች። የአክሱሙ ወርቅ ስለ አንድ የሚጣደፍ ነጋዴ ተናገረ። የሐረሩ ናስ በጉንጯ ውስጥ ስለደበቀችው ሴት ተናገረ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነበር።

«ያለፉት ሃምሳ ዓመታት፦ ማንም የለም» ይላል መሣሪያው በደረቅ ድምፁ።

እንዲህ ማለቱ ጥሩ ነገር ነው። ባለቤቱ አቶ አስረስ ሳንቲሞቹን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሰበስቡና ሲጠብቁ በባዶ እጃቸው ነክተዋቸው አያውቁም። አሁንም ከትብለጥ ፊት ለፊት ነጭ ጓንታቸውን አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሕሊና ጨረቃ ላይ ትኖራለች። ወደዚያ የሚሄደው መንኮራኩር ሰባ አምስት ዓመት የሞላውን ሰው ከምድር አያሳፍርም፤ እሳቸው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ሰባ አምስት ይሞላቸዋል። አንድ ሙዚየም አርባ አንዱንም ሳንቲሞች በአንድነት ሊገዛ ተስማምቷል፤ አንዱም በሃምሳ ዓመት ውስጥ በእጅ ካልተነካ ነው። ዋጋው ልጃቸው ዘንድ ደርሶ መልስ ያሳፍራቸዋል።

አርባ አንደኛው ጠገራ ብር ነበር፤ የንግሥት ምስል ያለበት ትልቅ የብር ሳንቲም።

«ያለፉት ሃምሳ ዓመታት፦ አንድ እጅ» አለ መሣሪያው። «የሴት፤ ቀኝ አውራ ጣት። ለስምንት ዓመታት በየቀኑ። ከሦስት ዓመት በፊት ቆሟል።»

ትብለጥ ሳህኑን ጠርጋ እንደገና ጠየቀችው። ያንኑ ደገመላት። ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የራሷን የጆሮ ጌጥ አውልቃ አስቀመጠች።

«ትብለጥ። ዛሬ ጠዋት፣ በጥድፊያ። ደግሞ አሁን።»

አልተበላሸም። ምነው ዛሬ እንኳ ቶሎ ባለቀልኝ ስትል በሩ ተከፍቶ አጫራቹ መርሻ ገባ።

«አልጨረስሽም እንዴ? የሙዚየሙ ሰዎች እኮ ሦስተኛ ሻያቸውን ጠጡ።»

«አንዱ ተነክቷል፣ ጋሽ መርሻ።»

«ታዲያ እጠቢው!»

የብርሃን ማጠቢያው በሦስት ሴኮንድ ዳናን ያጠፋል። ሕግ ይከለክለዋል፤ በየጨረታ ቤቱ ግን ከመጋረጃ ጀርባ አንድ አይጠፋም።

«መጀመሪያ እሳቸውን ልጠይቃቸው።»

«ጠይቂያቸው። ከዚያ እጠቢው።»

አቶ አስረስ ሰምተው ፊታቸው ቀላ።

«መሣሪያችሁ አርጅቷል፣ ልጄ። እንኳን ሌላ ሰው እኔም ያለ ጓንት አልነካሁትም።»

«የሴት እጅ ነው፣ አባባ። አውራ ጣቷ ሁልጊዜ የሚሄደው አንድ ቦታ ነው፤ ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ። ዘጠኝ ጊዜ ጫን ጫን ታደርግና ታቆማለች። ከዚያ እንደገና ዘጠኝ ጊዜ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ ውጭ የጭነት ፊኛዎች እየተጎተቱ ወደ ምሥራቅ ያልፋሉ።

«ዕንቁዎቹን እየቆጠረች ነው» አሉ። «በድሮ ገበያ ጠገራ የሚቀበል ሰው መጀመሪያ የሚያየው የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ነበር። ዘጠኙ ዕንቁ በደንብ ካልታየ ይመልሰዋል። ይህን ለየሻረግ የነገርኳት እኔ ነኝ።»

«ባለቤትዎ ናቸው?»

«ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ አንድ ቀን "እስቲ አንዱን ልያዘው" አለችኝ። የእጅሽ ላብ ያበላሸዋል አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።» ጓንታቸውን አዩት። «የሣጥኑን ቁልፍ በትርፍ ጓንቴ ውስጥ ነበር የምደብቀው። ማየት የማትችል ሴት እዚያ አትደርስም ብዬ።»

መርሻ ሰዓቱን አየ፤ ድምፁን ግን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ሦስት ሴኮንድ ነው። ታጥቦ ከተሸጠ ሄደው ይመለሳሉ። ካልታጠበ ሙዚየሙ ይወጣል፣ አርባው በተናጠል ይሸጣል። ያ ለመሄጃ ይበቃል። ለመመለሻ አይበቃም።»

«መመለስ የፈለግሁት መቃብሯን የሚያይላት ስለሌለ ነው።»

«ታዲያ ይታጠባ!»

«አንተ ደግሞ! ዳናዋን አጥቤ የማንን መቃብር ልጠብቅ ነው የምመለሰው?»

አቶ አስረስ የቀኝ ጓንታቸውን ከጣት ጣት እየጎተቱ አወለቁ፤ ቀጥሎ የግራውን። እጃቸው ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ይመስላል።

«አባባ ቆይ!» ትብለጥ ሳህኑን በመዳፏ ከለለችው። «እዚያው ቦታ ላይ ከነኩት የእሳቸው ዳና ይሸፈናል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው የሚያየው የእርስዎን ብቻ ነው።»

«የማያየው መሣሪያው ነዋ፣ ልጄ።»

መዳፏን አነሳች።

ጠገራውን አንስተው አውራ ጣታቸውን በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ቆም አሉና እንደገና ቆጠሩ።

«ስምንት» አሉ። «አንዱን ፍቃ ጨርሳዋለች። በየወሩ በማጉያ እያየሁት አንድም ቀን አልቆጠርኩትም።» ከዚያ ከደከመ ደረታቸው አጭር ሳቅ ወጣ። «ገበያ ብወስደው ይመልሱብኝ ነበር።»

ጠገራውን ኪሳቸው ከተቱ። አርባው በተናጠል እንዲሸጥ ፈርመው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። መርሻ እያጉረመረመ ለሙዚየሙ ሰዎች ሊነግር ሄደ።

በተናጠል ለሚሸጥ ለእያንዳንዱ ሳንቲም አዲስ ወረቀት ያስፈልግ ስለነበር ትብለጥ አርባውን ከመጀመሪያው ልትጠይቅ ተቀመጠች። ነጋዴው እንደገና ተጣደፈ። ሴትዮዋ እንደገና ናሱን በጉንጯ ደበቀች። ከሺህ ዓመት በፊት ሂሳብ ተሳስቶ የደነገጠ የአንድ ሰው ጣት እንኳ በአንዱ ሳንቲም ላይ እዚያው ነበር።

«ያለፉት ሃምሳ ዓመታት፦ ማንም የለም።»

ፈረመች። የሚቀጥለውን አነሳች።

«ያለፉት ሃምሳ ዓመታት፦ ማንም የለም።»

መሣሪያው አልተሳሳተም፤ እሷም ውሸት አልፈረመችም። አርባ ጊዜ ፈርማ ቀና ስትል ነጫጮቹ ጓንቶች ወንበሩ ላይ ቀርተው ነበር። ጣቶቻቸው እንደታጠፉ ነበሩ።