ያልተመረመረችው ጥጃ

«ጸጥ በይ! በናትሽ አታስይዢኝ!»

ልጅቷ ጣቷን ጥጃዋ አፍ ውስጥ ከትታ ታጠባታለች። የፉርሽካው ብናኝ አፍንጫዋን ይበላታል፤ ማስነጠስ ግን አይታሰብም። ከመኖ ቤቱ ጣውላ ማዶ የእንስሳት ሐኪሙ የከብቶቹን ጅራት ቀና እያደረገ ደም ይቀዳል። አባቷ ይይዝለታል።

«ጭራሮ» የሚለውን ስም ያወጣው አባቷ ነው፤ እኩዮቿ ሲፋፉ ይቺ ጥጃ ከአጥንት አላልፍ ብላ። እናቷ ስትሞትባት በጡጦ ያሳደገቻት ልጅቷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኮቴዋን ለይታ «እምቧ» የምትላትም ጭራሮ ብቻ ናት። ምርመራ ሲባል ቀድማ የፈራችው ለእሷ ነበር።

«አንቺ ልጅ! የቀረ አለ እንዴ?» ብሎ አባቷ ተጣራ።

ብቅ አለችና በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። «የለም አባዬ።»

ውሸቱ እንዴት ፈጥኖ እንደወጣላት ራሷም ደነገጠች። ማንም ሳያዛት ባልዲ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። እግሯ አልረጋ አለ።

«ይሄ ደማቸው ውስጥ የምፈልገው ቫይረስ ተንኮለኛ ነው» አለ ሐኪሙ ቦቲውን እየፈገፈገ። «ከእናቷ ሆድ ይዛው የተወለደች ጥጃ ዕድሜዋን ሙሉ ስትረጨው ትኖራለች። እሷ ብትቀጭጭ ነው፤ ጽንስ የሚያስወርዱት አጠገቧ ያሉት ናቸው።»

«እኔ ደግሞ ላሞቼ ሲያስወርዱ መኖው ነው ብዬ ስንቱን ነጋዴ ረገምኩት!» አለ አባቷ።

«ከተገኘባትስ?» አለች ልጅቷ።

«ከመንጋው ትወጣለች።»

«ወዴት?»

ሐኪሙ ቦቲውን መፈግፈጉን ቀጠለ። አናደዳት። ቁርጡን ቢነግራት ይሻል ነበር።

ዞር ስትል እሜቴን አየቻት፤ በአካሄዷ ኩራት ምክንያት እንዲህ የሚሏት፣ ገና በቅርቡ ያረገዘች ላም ናት። አንገቷን አስግጋ ምላሷን በጣውላው ክፍተት አስገብታለች። ከውስጥ ጭራሮ አፍንጫዋን ለጥፋ ትላስላታለች።

«እሜቴ! ሂጂ!» ብላ ገፋቻት። ላሟ ንቅንቅ አላለችም። ባለፈው ያስወረደችውን ጽንስ ከአባቷ ጋር የቀበረችው ልጅቷ ራሷ ነበረች።

ሐኪሙ አንዱን ጓንት አውልቆ ሌላውን ሊያወልቅ ጀምሯል።

የመኖ ቤቱን መወርወሪያ ሳበችው።

«ዶክተር፣ ጓንትዎን አያውልቁ» አለች።

አባቷ ወደ በሩ ዞረ። ጭራሮ በብርሃኑ እየተደናበረች የልጅቷን ጣት ፍለጋ ወጣች። ልጅቷም ሰጠቻት።