በቁራጭ ጨርቅ የታሰረው ገመድ

ልብስ ሰፊው መታጠቢያ ቤት ወድቆ ሞቶ ሲገኝ፣ አውራ ጣቱ አንገቱ ላይ ካንጠለጠለው የጥሪ ቁልፍ አልተላቀቀም ነበር። ቁልፉ ሲጫን፣ አልጋው ራስጌ ያለው ሳጥን ለሴት ልጁ መደወል ነበረበት። አልደወለም። ሐኪሙ እንዳለው፣ ትናንት ዓርብ ምሽት ከወደቀ በኋላ ለሰዓታት በሕይወት ቆይቷል።

እግሩ ከከዳው ወዲህ ብቻውን የሚኖረው ያንን ቁልፍ ተማምኖ ነው። ሁሉም እትዬ የሚላቸው ታላቅ እህቱ ግን ብቻውን መኖሩን አንድም ቀን ሆዳቸው አምኖት አያውቅም። ዛሬም መሐረባቸውን እያፍተለተሉ በልባቸው ጥፋተኛ ይፈልጋሉ።

መርማሪዋ ወጥ ቤት ገብታ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰካች፤ መኝታ ቤቱንም አይታ ተመለሰች።

«ሳጥኑ ከሶኬት ተነቅሏል» አለች። «መሰካቱን የሚያሳየውን የሳጥኑን መብራት ማን ነው የሚያየው?»

«እኔ ነኝ» አለች ጠዋት ጠዋት የምትመጣው የሟች አስታማሚ አንገቷን ደፍታ። «ጠዋት ጠዋት እይ ተብዬ ነበር። ከአልጋው ጀርባ ስለሆነ… ሰሞኑን አላየሁም።»

«ሰማሽ ልጄ?» አሉ እትዬ ወደ መርማሪዋ ዞረው። «ወንድሜን የበላችው ይቺ ናት። ትታሰር።»

«ኧረ ይተዉ አክስቴ» አለች የሟች ልጅ።

አስታማሚዋ ማልቀስ ጀመረች። እትዬ እንደ መጸጸት ብለው ውሃ ሊያመጡላት ወጥ ቤት ገቡ። ሲመለሱ መርማሪዋ ሁሉንም አስቀመጠች።

«ሳጥኑ ሲነቀል በባትሪው ሁለት ቀን ይሠራል። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ የድርጅቱ ቴክኒሻን ሶኬት ላይ ሰክቶ ሞክሮታል፤ የሟች ልጅም ጥሪውን መሥሪያ ቤቷ ሆና አንስታለች፤ እስኪመሽም እዚያው ነበረች። ዓርብ ምሽት ግን ባትሪው አልቋል። ስለዚህ የተነቀለው ረቡዕ ከሰዓት ነው። አስታማሚዋ ረፋድ ላይ ትወጣለች። ሟች ራሳቸው ጎንበስ ማለት አይችሉም ነበር። ታዲያ ከሰዓት እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ» አሉ እትዬ። «ልብሱን ላጥብለት መጥቼ። ታዲያ እኔ ያንን ዕቃ ምን ልነካው?»

«የሳጥኑ፣ የሬዲዮው፣ የካውያው ገመድ ተጠቅልሎ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል።» መርማሪዋ ወጥ ቤት ደርሳ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አኖረች። «ይኼ የእኔ ቻርጀር ነው እማማ። ቅድም ሰክቼው ነበር።»

ተጠቅልሎ፣ በቁራጭ ጨርቅ ታስሯል።

እትዬ ቻርጀሩን አዩት። መቼ እንደነቀሉት እንኳ አላስታወሱም።

«እሳት እንዳይነሳበት ነው» አሉ። «ስወጣ ሁልጊዜ እነቅላለሁ። ብቻውን ነው ብዬ… ፈርቼለት።»

ወደ አስታማሚዋ ዞሩ። «አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ ልጄ። እኔ ነኝ።»

ከዚያ ቋጠሮውን ሊፈቱ ሞከሩ፤ ጣታቸው እምቢ አላቸው።