ሰማንያ ስምንት ለሰማንያ አምስት

አስከሬኑ ከውጤት ሰሌዳው ጀርባ፣ ከብረት መሰላሉ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ራሱ ያረፈው በሰሌዳው የብረት ምሰሶ እግር ላይ ነው። አንድ ጫማው ወልቆ ርቋል። የሌላው ጫማ ክር ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል፤ ከፍታ ላይ መውጣት የለመደ ሰው አስተሳሰር ነው። መርማሪዋ እሱን ካየች በኋላ ቀና አለች።

አራት ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ጠባብ የእንጨት መቆሚያ አለ። የቆርቆሮ ቁጥሮቹ በእጅ የሚሰቀሉት እዚያ ላይ ተቁሞ ነው። መቆሚያው ዙሪያውን በብረት ታጥሯል፤ ክፍት የሆነው በመሰላሉ በኩል ብቻ ሲሆን፣ እሱንም ወገብ ላይ የሚደርስ ሰንሰለት ይዘጋዋል። «ስትወጣም ስትወርድም ዝጋ» የሚል ያረጀ ጽሑፍ አጠገቡ ይታያል። ሰንሰለቱ ተዘግቷል።

«ወድቆ ነው እንዳልል፣» አለ ሃምሳ አለቃው፣ «የወደቀ ሰው ተመልሶ ሰንሰለት አይዘጋም። ገፍቶት የወረደ ሰው አለ። ሴት ልጁ ናት።»

«በምን አወቅህ?»

«ሽማግሌው የጨዋታ ትረካቸው ሦስተኛ ሩብ ሲያልቅ በሕይወት ነበር፤ ‹ሻይ የለም ወይ?› ብሎ ሲጣራ ተሰምቷል። ከዚያ በኋላ ወደዚህ የመጣችው ሻይ የያዘችው ልጁ ብቻ ናት። ዛሬ በር ላይ ሲጨቃጨቁም ጥበቃው ሰምቷል። መኪናው ውጭ ቆሟል፤ ይዣት ልሂድ?»

«ሲጣራ የሰማው ማነው?»

«አብሮት የነበረው ፀጉር አስተካካይ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹማ እሱ ከሰማ ሰምቷል ነው የሚሉት።»

መርማሪዋ ከሟቹ የደረት ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ቀኑ የዛሬ ነው። ቀለሙም ገና አልደበዘዘም። አራት መስመር ቁጥር አለበት፤ ሦስተኛው መስመር 87–86 ይላል። ከሥሩ የተጻፈውን አንድ ዓረፍተ ነገር አንብባ ወረቀቱን መልሳ አጠፈችው። ከዚያ ወደ ሜዳው ዞራ ሰሌዳውን ፊት ለፊት አየችው። 88–85።

አዳራሹ ውስጥ የበራው ከሜዳው በላይ ያለው መብራት ብቻ ነው። የተመልካቹ ደረጃ በጨለማ ተውጧል። ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያነሳ ይጥላል፤ ማንም ሳይነካቸው የቅርጫቶቹ መረቦች ይወዛወዛሉ።

«መኪናው ትንሽ ይቁም፣» አለች።

ወደ ዳኞች መልበሻ ክፍል መጀመሪያ የገባው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሳይጠየቅ ተቀመጠ።

«ሬዲዮ ነው የሚሉኝ። በስሜ ቢጠሩኝ ራሴም አልዞርም።»

«ስለ ጨዋታው ይንገሩኝ። ቅርጫት ኳስ አላውቅም።»

«አያውቁም? እንግዲያው ዕድለኛ ነዎት፣ ከእኔ አፍ ይጀምራሉ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የእኛ ኮሌጅና የወንዝ ማዶው። ኮሌጆች ሲጫወቱ ሰባ ነጥብ ካገቡ ጎበዝ ይባላሉ፤ ያን ቀን ግን ኳሷ መሬት ጠላች። መቶ አሥራ ስምንት ለመቶ አሥራ ሰባት። መሰላል የምንለው ተጫዋቻችን የመጨረሻዋን ሲያገባ ከፊቴ የተቀመጠችውን የማላውቃትን ልጅ ጀርባ በደስታ ስደበድብ ነበር። አሁን ውጭ ተራዋን የምትጠብቀው ነርስ ናት፤ እንዲህ ነው የተዋወቅነው።»

ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ክፍሉን ሞላው።

«በየዓመቱ ትሰበሰባላችሁ?»

«በዚያው ቀን፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት፣ አራታችን። አንድ አንድ ሩብ በድምፅ ማጉያ እንተርካለን፤ የቀረነው ያን ቀን የነበርንበት ቦታ ላይ ሆነን እንሰማለን። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የነርሷ፣ ሦስተኛው የመሰላል፤ አሁን አሰልጣኝ ነው። አራተኛው የጋሽ ነጥብ፣ ነፍሱን ይማረው። ጋሽ ነጥብ ያኔ የሒሳብ አስተማሪያችንም የነጥብ መዝጋቢያችንም ነበር፤ ተማሪ ሳለን ሁላችንንም በተራ ወደ ሰሌዳው እያወጣ ቁጥር ያሰቅለን ነበር። ሩቡ ሲጀመር መድረሻውን ቀድሞ ይሰቅለዋል፤ ተራኪው ዞሮ ዞሮ እዚያ ቁጥር ላይ ማረፍ አለበት። ደግሞ እያንዳንዳችን ሆን ብለን አንድ ስህተት እንሸጉጣለን። እሱ ከሰሌዳው ጀርባ ሆኖ ‹ይታረም› ይላል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድም አላመለጠው።»

«ዛሬስ?»

«የእኔንና የነርሷን ያዘ።» ትንሽ ዝም አለ። ዝምታው እንደማይበቃው ጫማ ቆነጠጠው። «ሦስተኛው ሲተረክ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ስጮህ ነበር። ሲያልቅ ‹ሻይ የለም ወይ?› አለ፣ በጆሮዬ ሰማሁት። ልጅቷ ስኒ ይዛ ሄደች። እኔ በሰው ልጅ አልፈርድም፣ ኢንስፔክተር። ግን እሷና አባቷ ሰሞኑን አልተስማሙም።»

ነርሷ ስትገባ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ነበር።

«ስለዚያ ቀን ሲወራ ዐይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው፣» አለች። «ከገለጥኩት ባዶ አዳራሽ ነው። ከጨፈንኩት ሦስት ሺህ ሰው።»

«ሬዲዮ የት ይቀመጣል?»

«ከኋላዬ፣ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ። ዛሬም ወንበሩን ሲደበድብ ነበር። በየዓመቱ እቀርጸዋለሁ፤ ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ።»

«ያዋሱኛል?»

አሰልጣኙ በበሩ ሲገባ ጎንበስ አለ፤ መሰላል የተባለው በቁመቱ ነው። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ቀረበ።

«ዛሬ ጋሼን ያሸነፍኳቸው መስሎኝ ነበር፣» አለ። «በሦስተኛው ሩብ አንዷን ኳስ ያቀበለኝ ዘጠኝ ቁጥር ነው። ሰባት ቁጥር አልኩ። ጋሼ ዝም አሉ። ‹አለፈቻቸው› ብዬ በማጉያው ሳቅሁ።» እጁን አየ። «ሳቅሁ እኮ።»

«ሰሌዳውን ያዩ ነበር?»

«ተራኪ ለሰሌዳው ጀርባውን ይሰጣል። ካየውማ ምን ጨዋታ አለው?»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ናት። ሃምሳ አለቃው መታወቂያዋን ተቀብሎ በኪሱ አድርጓል። ከአጠገቧ ያለው ሻይ ከቀዘቀዘ ቆይቷል።

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ?» አለቻት መርማሪዋ።

«መሰላል አትውጣ ብዬው ነው። በስልሳ ስምንት ዓመቱ። ‹የዛሬው የመጨረሻዬ ነው፣ አንድ ነገር አስተካክዬ እወርዳለሁ› አለኝ። አባባ ያለውን ካላደረገ አይሆንለትም።» ቀና አለች። «እኔን ከወሰዳችሁኝ ማን ይቀብረዋል? ከእኔ ሌላ ሰው የለውም።»

ጥበቃው ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ ሦስተኛውን ሙሉውን እዚህ ነበረች። የሻይ ማፍያው ሶኬት ይላቀቃል፤ እሷ ደግፋ ይዛ እኔ ስኒ ሳጥብ ነው የተጠናቀቀው።»

«ስለ ሦስተኛው ማን ጠየቀህ?» አለ ሃምሳ አለቃው። «እኔ የምለው ከሦስተኛው በኋላ።»

መርማሪዋ የነርሷን ስልክ ይዛ ወደ መልበሻው ክፍል ተመለሰችና በሩን ዘጋች። ስትወጣ ፀሐይ ከመስኮቶቹ ላይ ወርዳ ነበር። ሁሉንም ወደ ሜዳው ጠራቻቸው። መብራቱ ሥር በግማሽ ክብ ቆሙ፤ ልጅቷ ከሃምሳ አለቃው አጠገብ።

«ተቀመጡ አልላችሁም፣ ወንበር የለም። አንድ ነገር እናዳምጥ።»

ስልኩን ነካች። የሬዲዮ ድምፅ ስለ አንደኛው ሩብ ሲያወራ ቆየ። ከዚያ ከሩቅ፣ ከከፍታ፣ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፦ «ይታረም።» ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ሁሉም ዞሩ። ማንም የለም።

መርማሪዋ ወደ ሁለተኛው ሩብ አሳለፈችው። «ይታረም፣» አለ ያው ድምፅ። ወደ ሦስተኛው ገባች። «ሰባት ቁጥር አቀበለኝ፣» አለ አሰልጣኙ በስልኩ ውስጥ። ጸጥታ። ከዚያ ሳቁ። አሰልጣኙ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ይህ ሰባተኛው ደቂቃ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ስህተት ያላለፈው ሰው ዝም አለ። ለምን? መናገር ስላልቻለ ነው። በዚህ ሰዓት ልጅቷ የት ነበረች?»

«ሶኬት ደግፋ፣» አለ ጥበቃው።

«ግን እኮ ሲያልቅ ተጣርቷል፣» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ተጣራ ያለን አንድ ሰው ነው። ቅጂው ላይ ሦስተኛው ሲያልቅ ጭብጨባ አለ እንጂ ጥሪ የለም። እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ፣ ሁለተኛው ደቂቃ።»

በስልኩ ውስጥ ሬዲዮ ከነርሷ ኋላ የያን ቀኑን ዳኛ ይሳደባል፦ «አንተ ዕውር፣ ዐይንህን...» ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ሲጋጭ ተሰማ። ስድቡ መሀል ላይ ቀረ።

«ቁጥሩ ተሰቀለ፣ ሬዲዮም ጸጥ አለ። ቀጥሎ አምስተኛው ደቂቃ።»

ድም የሚል ከባድ ድምፅ ተሰማ።

«ይሄ...» አለች ነርሷ። «ይሄ እሱ ወንበሩን ሲመታ መስሎኝ ነበር።»

«ወንበሩን የሚመታ ሰው ይጮሃል። ይህ ብቻውን ነው። አሁን ስድስተኛው ደቂቃ፤ በደንብ ስሙ።»

ቆርቆሮ እንደገና ተንቀጫቀጨ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ።

«ሰውየው ወድቋል፤ ቁጥሩን የሚሰቅለው ማነው?»

ነፋሱ ጣሪያውን አንኳኳ።

«አሰልጣኙ ያወራል፣ ድምፁ አይቋረጥም። የነርሷ ትንፋሽ ስልኩ ላይ አለ። ልጅቷና ጥበቃው ውጭ ናቸው። ያለ ወሬ አንዲት ደቂቃ የማይቀመጥ ሰው ግን ከሁለተኛው እስከ ዘጠነኛው ደቂቃ አንድ ቃል አልተነፈሰም።»

«ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነው ብያለሁ፣» አለ ሬዲዮ።

«ከእኔ ጋር ሲያወሩ ድምፅዎ እንደ ደወል ነበር።» ወረቀቱን ዘረጋች። «ሟቹ ለዛሬ አዘጋጅቶት የመጣው 87 ለ86 ነው። ሰሌዳው ላይ ያለው 88 ለ85። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ጽፏል፦ ‹በሦስተኛው ሩብ የእንግዶቹን አንድ የቅጣት ውርወራ በእኛ አምድ መዝግቤያለሁ፤ ስህተቱ የእኔ ነው።› እኔ ጨዋታውን አላውቅም። አንድ ነጥብ ከእኛ ተነስቶ ለእነሱ ቢሰጥ መጨረሻው ስንት ይሆናል?»

«መቶ አሥራ ሰባት ለመቶ አሥራ ስምንት፣» አለ አሰልጣኙ በዝግታ። «ተሸንፈናል።»

«አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቷል። ነርሷ ዐይኗን ጨፍናለች። ሰሌዳውን የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አይቶ ወጣ። ከዚያ ሲወርድ፣ ሁላችሁም ተማሪ ሳላችሁ እንደለመዳችሁት፣ ሰንሰለቱን ዘጋ።»

ሬዲዮ ከንፈሩን ላሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«መልሰው ነው ያልኩት። በእግዜር ይሁንብህ መልሰው። ‹ቁጥር አይለመንም፣ ልጄ› አለኝ። ሱቄ ግድግዳው በሙሉ ያ ቀን ነው። ሰው ፀጉሩን ሊቆረጥ አይመጣም፣ ያን ቀን ሊሰማ ነው የሚመጣው። ሌላ ምን አለኝ? ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ቁጥሩን ልነጥቀው ሳብኩት፣ አልለቅም አለ፣ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«ወዲያው ነው የሞተው?» አለች ልጅቷ።

ሬዲዮ ወለሉን አየ።

«ስወርድ ዐይኑ ተገልጧል። ከማጉያው ‹ሰባት ቁጥር› ሲባል ሁለታችንም ሰማን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሊያርመው ነበር።»

«በሕይወት ነበር?» ነርሷ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች። «እኔ ሃያ እርምጃ ላይ ተቀምጬ? ነርስ እኮ ነኝ፣ አንተ ሰውዬ። ሃያ እርምጃ።»

አሰልጣኙ ቁመቱ ሁሉ አጥሮ ታየ።

«ከሳምንት በፊት ነግረውኛል፣» አለ። «‹ጋሼ ይንገሩ› አልኳቸው። ያቺ ውርወራ የእነሱ እንደነበረች እኔም ያን ቀን አይቻለሁ። እንዲያውም ቀለለኝ። ዛሬ ከአራተኛው በኋላ አብረን ልንነግራችሁ ነበር።»

ሬዲዮ ቀና ብሎ አየው። ጥበቃው በሩን ሲከፍትና ሃምሳ አለቃው ክንዱን ሲይዘው እንኳ ዐይኑን ከአሰልጣኙ አላነሳም። ምን ሊል እንደፈለገ አልታወቀም፤ አፉ ተከፍቶ ምንም ሳይወጣው ተወሰደ።

መርማሪዋ ሃምሳ አለቃውን ከበሩ ላይ አስቁማ መታወቂያውን ተቀበለችና ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ነገ ጠዋት አስከሬኑን ትረከቢያለሽ። አሁን ቤትሽ ግቢ።»

ልጅቷ መታወቂያዋን አገላበጠችው። ኮሪደሩን አየች፣ ውጭ የቆመችውን የአባቷን አሮጌ መኪና አየች፣ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«የሚነዳው እሱ ነበር፣» አለች። «ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው።»