ለአማች አይቀመስም

የሞተ ሰው እግሩን አይታጠብም። ኢንስፔክተር ይርሳው የአቶ መልካሙን መኝታ ቤት ደፍ ተሻግሮ ሬሳውን እንዳየ መጀመሪያ ያሰበው ይህንን ነው። የቡሬው የበርበሬ ነጋዴ አቶ ክንፈሚካኤል አልጋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል፤ ገና ከሣጥን የወጣ ነጭ ጋቢ እስከ አገጫቸው ተስቦላቸዋል። ከጋቢው ሥር ብቅ ያለው እግራቸው ግን እርጥብ ነው። ሱሪውም የሌላ ሰው ነው፤ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ሳይደርስ ቀርቷል።

«ምሳ በሉ፣ ተጫወቱ፣ ደከመኝ ብለው ጋደም አሉ» አሉ የቤቱ ጌታ አቶ መልካሙ፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳይነቅሉ። «በዚያው አሸለቡ። የእግዜር ጥሪ ነው፣ ምን ይደረጋል?»

ይርሳው ጎንበስ ብሎ እርጥቡን እግር በጣቱ ነካ። ይህ ሰው ስሙ አይመጥነውም፤ የፍኖተ ሰላም ሰው «እናቱ ይርሳው አለችው እንጂ እሱስ የወተት ጥርሱን የጣለበትን ጣራ ያውቃል» እያለ ይቀልድበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመኑ 2004፣ ሳምንቱ የፋሲካ ማግስት። ክንፈሚካኤል ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሃምሳን የዘለሉ፣ ፀጉራቸውን ግን ጥቁር ቀለም የሚቀቡ ሰው ነበሩ። መሪጌታ ልሳነወርቅን ሽማግሌ አድርገው የአቶ መልካሙን ልጅ ህይወትን ጠየቁ፤ አባት ልጅቱን ሳያማክሩ እሺ አሉ። የዛሬው ምሳ ቃሉ የሚጸናበት ነበር። ህይወት ከቤይሩት የተመለሰች ልጅ ናት፤ የማዳሟን ቤት መጠጥ ለእንግዶቹ ሠራች፤ እንግዳው ሞተ። ከዚያማ ወሬ ምን እግር ያስፈልገዋል? «የቤይሩቷ ልጅ መርዝ አጠጣችው» የሚለው ገበያውን አዳርሶ ቡሬ ገብቷል፤ የሟቹ ወንድሞችም በአይሱዙ ተጭነው እየመጡ ነው። ደም የሚፈልግ ሰው የሐኪም ወረቀት አይጠይቅም። እነሱ እስኪደርሱ እውነቱ ካልታወቀ የሚከፍለው የልጅቱ አንገት ነው።

ይርሳውም መጀመሪያ እንደ ሰው ሁሉ አስቦ፣ ግቢው መሃል፣ ጎረቤት እያየ ካቴና አጥልቆባት ነበር። አሁን ያን እርጥብ እግር ሲያይ በችኮላው አፈረ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሟቹን ኮት ፈተሸ። በውስጥ ኪሱ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለሉ ኪኒኖች አሉ፤ ካርቶናቸው የለም። በውጭ ኪሱ ሰውየው ሪዛቸውን የጠረጉበት መሀረብ ተጨምድዶ ተቀምጧል፤ ወይን ጠጅ እድፍና ገለባ መሳይ ብናኝ ደርቆበታል። ይርሳው በምላሱ ጫፍ ነካ አደረገውና ፊቱን አጨማደደ። ልጅ ሳለ አፍንጫውን ተይዞ የተጋተው ነገር ነው! ለማንም ሳይናገር ኪኒኑን በአንድ ፖሊስ እጅ ወደ ሐኪም ላከና ወደ ማድ ቤት ሄደ።

ህይወት በርጩማ ላይ ኩርምት ብላለች። ካቴናውን ራሱ ፈታላት።

«ምንድን ነው ያጠጣሻቸው?»

«ወይን ነው ጋሼ። በማንጎ የተመታ፣ የበረደ ወይን።»

«ወይን በረዶ ይሆናል እንዴ?»

«እንደ ውሃ ድርቅ አይልም። ወይኑን ላስቲክ ውስጥ አስሬ፣ ማንጎውን ልጬ ቆራርጬ፣ ማታ ፍሪዘር አስገባሁት። ጠዋት ማንጎው ድንጋይ ሆኗል፣ ወይኑ ግን እንደ አጥሚት ነው። ሁለቱን ከሎሚና ከስኳር ጋር መምታት ነው፣ በቃ።»

«የተረፈ አለ? እስቲ እያየሁሽ ሥሪው።»

የተረፈው ሱቅ ያላት የጎረቤታቸው የሳቢሃ ፍሪዘር ውስጥ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር የምታስነሳ እሷ ብቻ ናት። ሳቢሃ ላስቲኮቹን ራሷ ይዛ መጣች፤ እጇን ከሰውነቷ አርቃ ነው የያዘቻቸው።

«ማንጎ ብቻ ነው ብላኝ ነው» አለች ለይርሳው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሽታው ነገረኝ። ልጆቼ የሚበሉት ሥጋ አጠገብ ወይን! ግን ምን ልበላት? ለሽማግሌ ቀን ነው፣ ጎረቤት ማሳፈር ከበደኝ።»

ህይወት መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። «ሳቢሃዬ፣ አውፍ በይኝ» አለች።

«ሌላ ሰው ፍሪዘርሽን ከፍቷል?» አለ ይርሳው ወደ ሳቢሃ ዞሮ።

«ወላሂ ማንም። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው ያደረው።»

ብሌንደሩ ጮኸ፤ ማንጎው ተፈረካከሰ፤ ገንፎ የመሰለ ወይን ጠጅ ነገር ብርጭቆው ላይ ተቆለለ። ይርሳው በማንኪያ ጎረሰ። በሥራ ሰዓት ወይን መቅመሱን ለአዛዡ እንዳትነግሩበት አደራ። የመጀመሪያው ጉርሻ ጥርስ ከማደንዘዝ በቀር ጣዕም የለውም፤ አፉ ውስጥ ሲሟሟ ነው ስኳሩ የመጣው።

«ጣፋጩ ዘገየብኝ።»

«ብርድ ምላስ ይይዛል ጋሼ። ስኳር የሚበዛበትም ለዚያ ነው። ትናንት ሳስቀምሳቸው እማዬ ‘ይሄማ ሬት ቢጨምሩበትም አይታወቅ’ ብላ ቤቱን በሙሉ አሳቀችው።»

«ብርጭቆው ላይ የቀዳ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ባለ እጀታው ትልቁ የእንግዳው ነበር። ወንድሜ አሸናፊ በትሪ ወሰደ፤ እማዬ ጓዳው በር ላይ ተቀበለችው።»

«ሰውየውን ወደሻቸው ነበር?»

«አባቴ ቃል ሰጥቷል» አለች።

ወንድሟ አሸናፊ በዲግሪ ተመርቆ ኮብልስቶን የሚያነጥፍ ወጣት ነው፤ መዳፉን ከኋላው ደብቆ ቆመ። ምሳ ላይ ክንፈሚካኤል «ድንጋይ ለመጥረብ አራት ዓመት ተማርክ?» ብለው በሽማግሌ ፊት ስቀውበታል።

«ጠልተሃቸዋል» አለው ይርሳው።

«አዎ ጠልቼዋለሁ! አልገደልኩትም ግን።»

«ሬሳውን ግን አጥበኸዋል። ከየት ነው ያነሳኸው?»

«ከሽንት ቤት። ከውስጥ ቀርቅሮት ነበር፣ በሩን ገንጥዬ ገባሁ። ሆዱ… ተበላሽቶ ነበር፣ ጋሼ። አባዬ ‘እንግዳ ቤቴ ውስጥ እንዲህ ሆኖ ሞተ ከምባል መሬት ትብላኝ’ አለና አጥበን ሱሪ ቀየርንለት። የሚገርመኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጣራም። ብንሰማው እኮ እንደርስለት ነበር።»

መሪጌታ ልሳነወርቅ ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ ከድነው ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ መጠጡ እንዴት ነበር?»

«በረዶ ጉረሱ አሉን እንጂ መጠጥስ አይባልም። የቤቱ እመቤት ደስታነሽ ግን የጨዋ ልጅ ናት። ይህንኑ የማይፈሰውን ነገር በማንኪያ መዳፏ ላይ ጣል እያደረገች ቀምሳ ሰጠችን፣ ለእኔም ለባሏም።»

«ለሟቹስ?»

«እሱማ ተጫዋች ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ‘እመት ደስታነሽ፣ የኔን ማን ይቅመስልኝ?’ አላት። ‘ለአማች አይቀመስም፣ መጠራጠር ይመስላል’ አለችው። ሳቅን።»

«እንዲህ ያለ ወግ ሰምተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «እኔ ያላየሁት ስንት አገር አለ» አሉ፤ የቤት እመቤትን በግቢዋ ዋሸች ማለት ነውር ነዋ። ቀጠሉና «ከጥቂት በኋላ ሆዱን ይዞ ወጣ። እንደታወከ አይቻለሁ። ግን የሰው ሆድ ሲታወክ አየሁ ይባላል? ቆየ። ዝም አልን። ልጄ፣ ዝም አልን» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ይህን ጊዜ የላከው ፖሊስ ተመለሰ። ኪኒኖቹ የልብ መድኃኒት ናቸው።

ይርሳው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው፤ ሳቢሃም በሩ ጥግ ቆመች። ከውጭ የአይሱዙ ፍሬን ሲያፏጭ፣ ወዲያውም የወንዶች ጩኸትና የፖሊሶች «ቁም!» ተሰማ። ህይወት ደረቷን ያዘች።

«ወይዘሮ ደስታነሽ» አለ ይርሳው፣ «ጉሮሯችን ደርቋል። የፋሲካው ጠላ ካለ ቢያቀምሱን።»

የቤቱ እመቤት ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ቢሆንም ተነስተው ማንቆርቆሪያውን አመጡ። ከእያንዳንዱ ብርጭቆ በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ እያደረጉ ቀምሰው አደሉ። ይርሳው ዓይኑን ከእጃቸው አልነቀለም።

«እንግዲህ እንነጋገር» አለ። «አቶ ክንፈሚካኤል እዚያ አልጋ ላይ አልሞቱም። ከሽንት ቤት ተነስተው፣ ታጥበው ነው የተኙት። ያጠቧቸው ሰዎች ወንጀል ሊደብቁ አይደለም፤ አፍረው ነው። ሆዳቸውን ያሸበረው ነገር ደግሞ መሀረባቸው ላይ ቀርቷል። ኮሶ ነው።»

ሳቢሃ አፏን በሻሿ ሸፈነች፤ ይርሳው ቀጠለ።

«ኮሶ ያለበትን መጠጥ ማንም አንድ ጊዜ ጎርሶ ይተፋዋል። የበረደ ወይን ግን ምላስ ይይዛል፤ ይህን ደግሞ ቤቱ በሙሉ ትናንት ስቆበታል። ፍሪዘሩ ውስጥ አልተጨመረም፤ ቁልፉ ሳቢሃ ወገብ ላይ ነው፣ ሁሉም ከዚያው ጠጥቶ የታመመ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የተጨመረው በእንግዳው ብርጭቆ ላይ ነው። ብርጭቆውን የነኩት ሦስት ናቸው፤ የቀዳችው፣ የተሸከመው፣ ያደለችው።»

«እኔ ነኝ!» ህይወት ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። እማዬ ምንም አታውቅም።»

«እናትሽን ማን ጠየቀሽ?» አላት ይርሳው፣ በለዘበ ድምፅ። «ለመሆኑ ኮሶውን እንዴት አድርገሽ አዘጋጀሽው?»

«ቅጠሉን… ቅጠሉን ጨምቄ።»

መሪጌታ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ኮሶ የሚጠጣው ደርቆ የተወቀጠው አበባው እንጂ ቅጠሉ እንዳልሆነ የማያውቅ እዚያ ቤት ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

«ተቀመጭ የኔ እህት። አሸናፊም አይደለም፤ በጥላቻው ያላፈረ ሰው ኮሶ አይደብቅም። የቀረው አንድ እጅ ነው። ይህ እጅ ሲደነግጥ እንኳ ሳይቀምስ መጠጥ ሰጥቶ አያውቅም፤ አሁን ሁላችሁም አያችሁት። ዛሬ ምሳ ላይ ግን ለአንድ ሰው ሳይቀምስ ቀረ፣ ‘ለአማች አይቀመስም’ ተባለ። እንዲህ ያለ ወግ በጎጃም የለም፤ እንዲያውም ለአማች ነው ደጋግሞ የሚቀመሰው።»

ወይዘሮ ደስታነሽ ማንቆርቆሪያውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄን ተዋት» አሉ። «እኔ ነኝ። እግዜር ያየኛል፣ እንዲሞት አልነበረም! በሽማግሌ ፊት ይዋረድ፣ ሱሪው ላይ ያምልጠው፣ ከዚያ ወዲያ ይህን ደጃፍ አይረግጥም ብዬ ነው። ልጄ ሌሊት ሌሊት እያለቀሰች ስንት ቀን ሰማኋት። ለባሌ ብነግራቸው ‘የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ’ አሉኝ። የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የወለድኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ጤነኛ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ቀን ተንገላተው ይድኑ ነበር» አለ ይርሳው። «የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ለወጣት ሙሽራ እንዳይታወቅባቸው ኪኒኑን ከካርቶኑ አውጥተው በጋዜጣ ደበቁት። ሲብስባቸውም ከአማት ሽንት ቤት ድረሱልኝ ብሎ መጮህን አፈሩ። በሩን ቀርቅረው ዝም አሉ።»

«ሰምቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ሲያቃስት በበሩ ሳልፍ ሰምቼዋለሁ። ምን ሆንክ ብዬ ብጠይቀው ሥራዬ ሊወጣ ነው። አልፌ ሄድኩ። ይኸው ነው ኃጢአቴ።»

ህይወት እናቷ እግር ላይ ወድቃ ነጠላቸውን ጨብጣ አለቀሰች። አቶ መልካሙ ግን ካሉበት አልተንቀሳቀሱም፤ ፊታቸው የተመታ ሰው ፊት ሆኗል። ይርሳው እሳቸውን ቀና ብሎ ማየት ከበደው። ስንቱን ገዳይ ይዟል፤ እንደዛሬው መያዙ ያሳፈረው ቀን አልነበረም።

«ሬሳውን ስላጠቡት ሰዎች ቆይተን እንነጋገራለን» አለ በመጨረሻ። «አሁን መሄድ አለብን።»

«በጓሮ በር አውጣኝ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ደስታነሽ። «ደጁ ሰው ሞልቶታል። አገር ምድሩ ነው ያለው። በጓሮ።»

ይርሳው እሺ ሊል አፉን ሲከፍት አቶ መልካሙ ብድግ አሉ። ኮታቸውን አጠለቁ። የሚስታቸውን ክንድ ያዙና ወደ ዋናው በር አዞሯቸው።

«ያጠብኩትም እኔ፣ ቃል የሰጠሁትም እኔ» አሉ። «ወንድሞቹን እኔ አናግራቸዋለሁ።»

«ምን ነካዎት? ሰው ያየናል እኮ!»

«ይየን» አሉ አቶ መልካሙ፣ መቀርቀሪያውን ራሳቸው እየሳቡ።