መውጣትና መግባት

ሰርዶ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ስንዴውን በሚሰነጥቀው የእግር መንገድ ሙላቴን ተከትሎ ይሄዳል። ሙላቴ በቅሎዋን ይስባል። በገብስ ጆንያው ውስጥ ጉና ሥር ካለች ቤተ ክርስቲያን የተሰረቀ ብራና አለ። ብራናውን የሚገዛው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመኪና ይመጣል። ፖሊሶቹ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ አድፍጠዋል።

ሰርዶ ብለው የሚጠሩት በስውር የላኩት የፖሊስ ቢሮ ሰዎች ብቻ ናቸው። ለሙላቴ እሱ ባዩ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጦ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪው። ጉና ላይ ተወልዶ ማደጉን ስምንት ወር ሙሉ ደብቋል።

«እስቲ ስማኝ ቲቸር» አለ ሙላቴ። «ኤሚግሬት፣ ከአገር መውጣት። ኢሚግሬት፣ ሰው አገር መግባት።»

«ልክ ነህ።»

«ሁለት ቃል ምን ያደርጋል? የሚሄደው ያው አንድ ሰው አይደል?»

«ከየት ሆነህ እንዳየኸው ነው። እዚህ የቀረው ወጣ ይላል፣ እዚያ የሚቀበለው ገባ ይላል።»

የሙላቴ የቤት ሠራተኛ ትርንጎ ሁለቱን ቃላት ከማድ ቤት ሆና እየሰማች ይዛቸዋለች። ብራናው የሚሸጥበትን ቀን ለሰርዶ የነገረችው እሷ ናት። የሰርዶ አለቃ ብርሃኑ ትርንጎን ትናንት ከአገር እንደሚያስወጣት ቃል ገብቶለት ነበር።

በቅሎዋ ደነበረች።

ጆንያው ተፈታ። ብራናው ከነቆዳ ማኅደሩ ጭቃ ላይ ወደቀ።

ሰርዶ ዘሎ አነሳው። ሳመው። ግንባሩን አስነካው።

እጁ ቀደመው። እናቱ ያስለመደችው እጅ።

ሙላቴ ቆመ።

«ይህን ማን አስተማረህ?»

ሰርዶ ብራናውን ደረቱ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«ሰላዩ አንተ ነሃ! እኔ ግን ትርንጎ ናት ተብዬ…»

«ማን አለህ?»

«መንግሥት ቤት ያለ ወዳጄ፣ ብርሃኑ። ወሬ የምታወጣብህ እሷ ናት አለኝ። ትናንት ገደል ወረወርኳት።»

ሽጉጡ ወጣ።

ጥይቱ የመጣው ግን ከካቡ በኩል ነው። ሙላቴ ስንዴው ላይ ተዘረረ።

ብርሃኑ መኪናው ውስጥ ሰርዶን ቀና ብሎ አላየውም።

«ሙላቴ አንተን ጠርጥሮህ ነበር። ወዳጅ መስዬ የሆነ ሰው መስጠት ነበረብኝ።»

«ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ብራናው ተመልሷል። ገዢውም ተይዟል።»

«ለእናቷስ ማን ይነግራቸዋል?»

«ማንም። አፍህን ከከፈትክ ሌሎቹ ወሬ አቀባዮቻችንም ይሞታሉ።»

ሰርዶ ጠላው። በእሷ ሞት የተረፈችውን የራሱን ነፍስ ደግሞ ይበልጥ ጠላ።

እሑድ ብራናው በእልልታ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ቄሱ ይዘውት ሲዞሩ ሕዝቡ ሁሉ ተሳለመው። ሰርዶ ግን እዚህም አስተማሪው ባዩ ነውና ከዳር ቆመ። ከንፈሩ ደርቋል።

የትርንጎ እናት ወይዘሮ ወርቅነሽ ከሰው መሀል ለይተውት መጡ።

«ቲቸር ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ትርንጎዬ ለኔም ሳትነግረኝ ሄደች መሰለኝ።»

«ከአገር ወጥታለች እማማ።»

«ተመስገን። የት ገባች?»

ሰርዶ ብራናውን አየ።

«ገና አልታወቀም።»

«በል ስታገኛት ንገራት። ስትገባ ትደውልልኝ።»

«እሺ እማማ» አላቸው። በባዩ ስም የዋሸው የመጨረሻ ውሸት ይህ ነበር።

ወደ ወረታ በሚወርደው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሌላ ስም ነበረው። ከዚያ በኋላ ደብረ ታቦር ላይ ያየው የለም። ወይዘሮ ወርቅነሽ ግን ስልካቸውን ቻርጅ ሳያደርጉ ተኝተው አያውቁም።