ካርታው ላይ የበራው መንደር

«ይሄ ደግሞ ምን ዓይነቱ ደንባራ ነው!»

ትህትና ይህን ያለችው ለራሷ ነበር፣ በአማርኛ። ካምፓላ፣ ናካሴሮ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው በላይ ባለው አዳራሽ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ሰው ይኖራል ብላ መቼ አሰበች? አንድ ረጅም ሰውዬ አንገቱን እያሰገገ መጥቶ ፕሮጀክተሩ ፊት ተገትሯል። ግድግዳው ላይ የነበረው የካምፓላ ካርታ በሙሉ ነጭ ሸሚዙ ላይ ፈሷል።

ሰውዬው ዞር አለና ፈገግ አለ።

«ደንባራው ሰይፈ ይባላል። የደሴ ልጅ ነው። አንቺስ?»

ትህትና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! ፊቷ ቀላ፣ ሳቋ ግን አመለጣት።

ካርታው የእሷ ሥራ ነበር። ከአዲስ አበባ መጥታ የተቀጠረችበት ድርጅት ለከተማው አዲስ የአውቶቡስ መስመር ያጠናል። ቢጫዎቹ ነጥቦች ሠራተኞች የሚኖሩባቸው ቤቶች ናቸው፤ ቀዮቹ የሚሠሩባቸው ቦታዎች። ቁልፉን ስትነካ ከተማው ይነጋል፤ ቢጫዎቹ ከየኮረብታው ወርደው ወደ ቀዮቹ ይጎርፋሉ። ሕዝቡ ይህን በዓይኑ አይቶ «መስመሩ በዚህ ይለፍልን» እንዲል ነበር ምኞቷ።

ሰይፈ ከኦዊኖ ገበያ በታች ያለውን ቦታ በጣቱ አሳያት።

«እኔ ዩኒፎርም የምሰፋው እዚህ ነው። መንደሩ ሙሉ ልብስ ሰፊ ነው። ለምን ጨለመ?»

«መረጃው የመጣው ከተመዘገቡ ድርጅቶች ነው። ያልተመዘገበ ሠራተኛ አይታይም» አለች አፍራ። «ሰዎቹ የት እንደሚኖሩና የት እንደሚሠሩ ራሳቸው ቢነግሩኝ ግን...»

«ለማያውቁት ሰው አይነግሩም።» ትንሽ አሰበ። «ከእኔ ጋር ከመጣሽ ይነግሩሽ ይሆናል።»

ሄደች። ሰይፈ በጠባቡ መንገድ ላይ ከሱቅ ሱቅ እያዞረ፣ በአገሬው ቋንቋ በሉጋንዳ እያስተረጎመ፣ እየቀለደ አስተዋወቃት። ሁሉም ነገሯት። እምቢ ያለችው ከሰይፈ ሱቅ አጠገብ የምትሰፋው ሳቢራ ብቻ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ ሴት ናት።

«ድሮ የነበርንበት ሰፈርም መጥተው ጽፈውን ነበር» አለች ሳቢራ። «ከዚያ አፈረሱን።»

«ይቺ እንደ እነሱ አይደለችም» አላት ሰይፈ። «በእኔ ይሁንብሽ!»

ሳቢራ ሰይፈን አየችው። ከዚያ ነገረቻት።

ነጥቦቹ በበዙ ቁጥር ሁለቱ ተቀራረቡ። በአንድ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ላይ ተደራርበው ሲከንፉ ወገቡን ማቀፍ ለመደች። መንገድ ዳር ቆመው አንድ ሮሌክስ፣ በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ለሁለት ሲበሉ የመጨረሻውን ጉርሻ ሁልጊዜ ለእሷ ይተውላታል። አንድ እሑድ ፖርት ቤል፣ ከሐይቁ ዳር፣ የተጠበሰ ዓሣ ቀርቦላቸው ሳለ ዓሣውን ትቶ እጇን ያዘ።

«ትህትናዬ... እኔ ብዙ ማውራት አልችልም። አግቢኝ።»

«እጅህ ዘይት ነው!» አለች እያለቀሰች።

«እሺ ነው እምቢ?»

«እሺ ነዋ!»

በዚያው ሰሞን ካርታው ላይ ጨለማ የነበረው መንደር ከከተማው ሁሉ ደምቆ በራ። ትህትና በኩራት ለአለቃዋ አሳየችው። አለቃዋ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም። ቀረብ ብሎ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ተመለከተ።

«ግሩም ሥራ ነው» አላት በመጨረሻ። «ይህን ያህል ሰው የሚመጣበት ቦታ ከሆነ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ እዚሁ ነው መሠራት ያለበት።»

«የት? ሱቆቹ እኮ እዚያው ላይ ናቸው!»

«ሱቆቹ ይነሳሉ።»

«ሰዎቹስ? ወደዚያ የሚመጡት እኮ እነሱ ናቸው! እነሱ ከተነሱ አውቶቡሱ ማንን ሊያመጣ ነው?»

«ባለመሬቶቹ ካሳ ያገኛሉ። ለተከራይ የተያዘ ነገር የለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ውሳኔው ለሕዝብ ከሚነገርበት ዕለት በፊት ወሬው ከወጣ ካንቺ እንደወጣ አውቃለሁ። የሥራ ፈቃድሽ በእኛ ስም መሆኑን አትርሺ።»

ትህትና ሰይፈ ጣቷ ላይ ያሰረላትን ቀለበት እያዞረች ወጣች። ሐሳባቸውን አስቀይራለሁ ብላ ሌላ ቦታ የሚያሳይ ካርታ ሠራች። ሰጠቻቸው፣ ተቀበሏት፣ አላዩትም። ደግማ ሠራች።

አንድ ቀን ሰይፈ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠየቃት።

«መንገዱን የሚለኩ ሰዎች መጥተው ነበር። ሳቢራ ሌላ ቦታ ሱቅ አግኝታለች፤ ልውጣ ወይ ትለኛለች። ሌሎቹም እንደዚያው። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ዓይኖቹ ገና ከመጠየቁ አምነዋት ነበር።

«ምንም የለም» አለች። «ሥራችሁን ሥሩ።»

ሰይፈ ለመንደሩ ሁሉ ተናገረ፦ «እጮኛዬ ምንም የለም ብላለች!» ሳቢራም ያገኘችውን ሱቅ ለሌላ ለቀቀች።

ውሳኔው የተነገረው በዚያው ናካሴሮ አዳራሽ ነው። የመንደሩ ሰዎች ክታቸውን ለብሰው መጡ። ትህትና መድረኩ ላይ ቁልፉን ነካች፤ ከተማው ነጋ፤ ነጥቦቹ ወደ መንደሩ ጎረፉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ አለቃዋ በጠቆማት ጊዜ ቀጣዩን ነካች፤ መንደሩ ላይ ግራጫ አራት ማዕዘን ወረደበት። የጣቢያው ቦታ።

ሳቢራ ተነስታ በሉጋንዳ አንድ ነገር ጠየቀች። ሰይፈ ቆመ። ወደ መድረኩ እያየ ለትህትና በአማርኛ ተረጎመላት።

«ሳቢራ፣ ታውቂ ነበር ወይ ብላ ትጠይቅሻለች።»

«ሰይፈ... እባክህ፣ ውጭ ወጥተን...»

«ታውቂ ነበር?»

«...አዎ።»

ሰይፈ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ያቺን አንዲት ቃል በሉጋንዳ፣ ጮክ ብሎ፣ ለሁሉም ተረጎማት።

በር ላይ ደርሳበት ክንዱን ያዘች። «ፈርቼ ነው! ላስቀይረው ስል ነው... እምልልሃለሁ!»

«ብትነግሪኝ ቢያንስ በጊዜ እንወጣ ነበር» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም። «አንቺ ስትፈሪ እኔ ሰው ፊት እየማልኩልሽ ነበር።» እጇን ከክንዱ ላይ አነሳውና ሄደ።

ሱቆቹን የሚያፈርሱት ግሬደሮች ከተባለው ቀን ቀድመው መጡ። የሳቢራ የስፌት መኪና ቆርቆሮ ሥር ተጨፍልቆ ቀረ። አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሰይፈ እግር ሥር ምራቁን ተፋ፤ ሰይፈ ቀና ብሎ አላየውም። በማግሥቱ ካምፓላን ለቀቀ። ስልኩ አልሠራ አለ።

የትህትና ካርታ ተሞገሰ፤ ከሌላ አገር ሳይቀር ሊያዩት መጡ። እሷ ግን ሥራውን ተወችው። ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል ሰይፈ ጂንጃ ከተማ እንዳለ ሰማችና ታክሲ ይዛ ሄደች።

ትንሽ ሱቅ ነው። በሩ አጠገብ ሳቢራ አዲስ የስፌት መኪና ፊት ተቀምጣ ትሰፋለች። ይዟት መጥቷል። ሳቢራ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሰይፈ ከውስጥ ወጣ። ከስቷል።

«ጤና ይስጥልኝ» አለ። «ምን ልርዳዎት?»

ትህትና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሰይፈ... እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቄዎታለሁ።»

«እንደሱ አትበለኝ! ስደበኝ፣ ምታኝ... ብቻ አንቺ በለኝ!»

ሰይፈ አንገቱ ላይ ያለውን ሜትር አወረደና ጠቀለለው።

«የሚያሰፉት ልብስ ካለ ይቀመጡ። ከሌለ የካምፓላው ታክሲ ማዶ ነው። ሳይሞላ ይድረሱበት።»

ቀለበቱን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እሱም አንስቶ በትህትና፣ በሁለት እጁ፣ መለሰላት።

«ዕቃዎን እንዳይረሱ» አለ።

ታክሲው ለመሙላት ጊዜ ወሰደ። በመስኮት ስታየው ቆየች። ሰይፈ ሰማያዊ ጨርቅ ዘርግቶ በጠመኔ እያሰመረ ነበር። አሰመረ፣ ቆረጠ፣ ለሳቢራ አቀበላት። ታክሲው ሲነሳም ቀና አላለም።